«ሴቶች» የሚባል የሙዚቃ ስልት አለ እንዴ?

ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። ባለፈው ፒያሳ ፍላሽ ላስሞላ ገብቼ የልጁን ኮምፒውተር ሳይ ፎልደሮቹ ሬጌ፣ ሮክ፣ ትዝታ ምናምን ይሉና መጨረሻ ላይ «ሴቶች» የሚል አለ፣ ሲከፍተው ጃኒስ ጆፕሊን ከዊትኒ ሂውስተንና ከአስቴር አወቀ ጋር ተደርድራለች። ኧረ በናታችሁ ምን አገናኛቸው? ጃኒስ እኮ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የምትጮህ ሮከር ናት! ጂሚ ሄንድሪክስ ግን ሮክ ውስጥ ነው፣ እሱን «ወንዶች» ብሎ የከተተው የለም። ልጁን ብጠይቀው «ባክሽ ደንበኛው ራሱ የሴት ዘፈን ሙላልኝ ነው የሚለው» አለኝ፣ በሱም አልፈርድም።

ፈረንጆቹም ያው ናቸው። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል አሜሪካዊት የመዝሙር ዘፋኝ ገና በ1940ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግባ መዝሙሩን እንደ ሮክ ታስጮኸው ነበር፣ የሮክ ኤንድ ሮሉን ኮከብ ሊትል ሪቻርድን በልጅነቱ መድረክ ላይ ያወጣችውም እሷ ናት፣ አሜሪካ ያለው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ያስገባት ግን በ2018 ነው፣ ከሞተች 45 ዓመት በኋላ (በነሱ አቆጣጠር)። ይሄን ሁሉ ለልጁ ነግሬው ዘፈኗን ዳውንሎድ አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «እና መዝሙር ውስጥ ልክተታት?»