የድንች መጥቆር፣ ቫይታሚን ሲ እና አድሬናል ዕጢ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጤና ዓምዳችሁ ላይ «የደከመ አድሬናል በቫይታሚን ሲ ኪኒን ይታደሳል» የሚል ነገር አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ዝምድና የላቸውም አልልም፣ አላቸው። መደምደሚያችሁ ግን ልክ አይደለም።

የተላጠ ድንች ለምን ይጠቁራል? ቢላው ሴሎቹን ሲሰነጥቅ ተለያይተው የነበሩ ኤንዛይሞችና ፌኖል የሚባሉ ውህዶች ይገናኛሉ፣ ኦክስጅን ይገባበታል፣ በቃ ጠቆረ። ሎሚና ብርቱካን ግን እንዲህ አይሆኑም። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጂዮርጂ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህን ሲያጠና የአዲሰን በሽታ ትዝ አለው፤ አድሬናል ዕጢያቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ቆዳቸው ይጠቁራላ! እንግዲያው ይህች ከኩላሊት በላይ የተቀመጠች ዕጢ እንደ ሎሚው መጥቆርን የሚገታ ነገር ሊኖራት ይገባል ብሎ ጠረጠረ።

ፈለገ፣ አገኘም። በ1928 ካምብሪጅ ሆኖ ከከብት አድሬናል፣ ከብርቱካንና ከጎመን ያው አንድ ንጥረ ነገር መውጣቱን አሳተመ። በ1932 አገሩ ሃንጋሪ፣ ሴጌድ ከተማ ገብቶ ከባልደረባው ከጆሴፍ ስቪርበሊ ጋር በጊኒ ፒጎች ላይ ሲሞክሩት ስከርቪ የተባለውን ድድ የሚያደማ በሽታ የሚከላከለው ቫይታሚን ሲ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ከዕጢ የሚወጣው በጣም ጥቂት ስለነበር ቸግሮት ሳለ የሴጌድ ቃሪያ ደረሰለት፤ ከዚያማ በኪሎ ማውጣት ቻለ። በ1937 ኖቤል ተሸለመ። (ኪኒን ከምትገዙ ጥሬ ቃሪያ ብሉ የምለው ለዚህ ነው።)

የመነሻ ግምቱ ግን ስህተት ነበር። የአዲሰን ሕመምተኛ የሚጠቁረው ቫይታሚን ሲ አጥሮት አይደለም። ዕጢዋ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን መሥራት ሲያቅታት አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ኤሲቲኤች የሚባለውን ሆርሞን ታበዛለች፣ እሱ ደግሞ የቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ይቀሰቅሳል። ሕክምናው የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው፣ ሎሚ ጨምቆ መጠጣት አይደለም። አድሬናል ቫይታሚን ሲ አጥብቃ ትፈልጋለች፣ እውነት ነው፤ ዶፓሚን የተባለውን ውህድ ኖርአድሬናሊን ወደተባለው ሆርሞን የሚቀይረው ኤንዛይም ያለ እሱ በደንብ አይሠራም። ታዲያ ስለምትፈልገው ብቻ በላይ በላይ ሲጨመርላት ትበረታለች ያለው ማነው?

ደግሞ «የደከመ አድሬናል» የሆርሞን ሐኪሞች የሚቀበሉት የበሽታ ስም አይደለም። አዲሰን ግን እውነተኛና ገዳይ በሽታ ነው፤ ቲቢም ሊያመጣው ይችላል፣ ቲቢ ደግሞ እኛ አገር ሩቅ አይደለም። ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲነሱ ማዞር፣ ጨው ጨው ማሰኘት፣ የድድና የመዳፍ መስመር መጥቆር ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ የሚሰማው አንባቢ የእናንተን ጽሑፍ አምኖ ኪኒን እየዋጠ ቤቱ ከተቀመጠ አደጋ ነው። ስለዚህ እርማቱን እዚያው የጤና ዓምዱ ላይ አውጡት፣ ምልክቶቹንም ጨምሩበት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር