ቆሮሶ በበሬ መጎተቻ አይያዝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ሰሞን በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ እኛ ሐይቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ስለሚገኘው ነፋሻ ዳርቻ የተባለው ሁሉ ደግ ነው፤ ስላስታወሳችሁን እግዜር ይስጥልን። ቅር ያለኝ መጨረሻው ላይ ነው። ጸሐፊው ዓሣ ማጥመድ ለሚሻ እንግዳ ሲመክር ከሱቅ መንጠቆና ጠንካራ ናይለን መግዛት ይበቃል፣ የቀረው ትዕግሥት ነው ብሎ አልፎታል። ይህን ምክር የሰማ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት እሑድ እሑድ ዳር ላይ ተደርድሮ እስኪመሽ ሲታገሥ አያለሁ። ማታ ባዶ እጁን ሲመለስም ሐይቁ ዓሣ አልቆበታል ብሎ ያወራል። ዓሣው አላለቀም። ክሩ ነው ልክ ያልሆነው።

እኔ በሐይቅ ከተማ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሰው ነኝ። የጅንስ ሱሪ የምሰፋበትን ክር ለነጠላ ጠርዝ ባውለው ባለቤቷ ሽማግሌ ይዛብኝ ትመጣለች፤ ስለ መንጠቆ ክር ግን ለምን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከየሱቁ በር ላይ የሚንጠለጠለው ናይለን ውፍረቱ አልተጻፈበትም፣ የሚሸከመው ኪሎ አልተጻፈበትም፣ መቼ እንደመጣም አይታወቅ። አንድ ባለሱቅ ቀጭኑን ብጠይቀው፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ይኼ በሬ ይጎትታል» አለና ወፍራሙን ዘረጋልኝ። በሬ ልጎትት አልመጣሁም፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያ) ልይዝ ነው የመጣሁት።

ጠንካራ ክር ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። ደንበኛዬ የሆነ የፊዚክስ መምህር ኮቱን እስካሳጥርለት ወረቀት ላይ አስልቶ አሳየኝ፤ የናይለን ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው አራት እጥፍ ይሆናል፣ ግትርነቱ ግን አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። 0.20 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይችላል። 0.40 የሆነው ከአሥር ኪሎ በላይ ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከተጠቀለለበት ሲፈታም ቀለበት ቀለበት እየሆነ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ትሉ በእንዲህ ያለ ክር ላይ ሲሰካ እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ ዓሣውም አፉን ከፍቶ ሲስበው ወደ ውስጥ አይገባለትም።

ውፍረቱ ያልተጻፈበትን ክር ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እስክሪብቶ ላይ ሃያ ጊዜ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብና ክፍተት ሳይተው ጠቅልሉት። የተጠቀለለውን ወርድ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። አራት ሚሊ ሜትር ከያዘ ክሩ 0.20 ነው፤ ስድስት ከያዘ 0.30፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ሙሉ ከያዘ 0.50 ነው። ባለሱቁ ፊት ብታደርጉት ፊቱን ያጠቁርባችኋል፤ እኔ ላይ አጥቁሯል፤ ለኩ ግን። በዚያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክር በሁለት ጥፍር መሐል ሳቡና ዳስሱት። ፀሐይ የመታው ናይለን ልስላሴው ይጠፋል፣ ዱቄት የነካው ይመስላል፣ ተቋጥሮ ድንገት ሲሳብም ቷ ብሎ ይበጠሳል። በር ላይ ከርሞ የደረቀ ክር አዲስ ነው ተብሎ ቢሸጥም አሮጌ ነው።

እንግዲህ ወደ ዓሣዎቹ ልምጣ። ቆሮሶ የሐይቃችን ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ተጨምሮ የተራባ ነው። አሁን ግን በጾም ወራት ገበያውን የሚይዘው እርሱ ነው። አፉ ጠባብ ነው። ዋና ምግቡ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ ስለሆነ ምግብን ዘሎ አይውጥም፤ ይስባል፣ ይቀምሳል፣ ካልጣመው ይተፋል። ለዚህ ዓሣ ዋናው ክር 0.20 ወይም 0.22 ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ላይ አንድ ክንድ የማትሞላ የጫፍ ክር ይቀጠላል፤ እርሷ 0.16 ወይም 0.18 ትሁን። የጫፍ ክሯ ከዋናው መቅጠን ያለባት ስለማትታይ ብቻ አይደለም። መንጠቆው ደንጊያ ወይም የደንገል ሥር ሲይዝ የሚበጠሰው የት እንደሆነ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው። ያለ እርሷ የታሰረ ክር ከመሐል ይበጠስና ሠላሳ ሜትር ናይለን ውኃው ውስጥ ይቀራል። መንጠቆው ቁጥር 10 ወይም 8 ይሁን። የመንጠቆ ቁጥር ለማያውቅ ግራ ያጋባል፤ እስከ 1 ድረስ ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል፣ ከዚያ ወዲያ 1/0፣ 2/0 እያለ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ያድጋል።

ሩቅ መወርወርም ለቆሮሶ አያስፈልግም። ሐይቃችን 88 ሜትር ድረስ ይጠልቃል ተብሎ ስለተነገረ ሰው ሁሉ ወደ መሐል ለመላክ ከባድ እርሳስ ያስራል፤ እርሳሱን እንዲችል ደግሞ ወፍራም ክር ይገዛል። ቆሮሶ የሚግጠው ዳር ዳሩን፣ ደንገሉ ሥር ነው። ትንሽ የሸንበቆ ቁራጭ ተንሳፋፊ አድርጎ፣ ትል ወይም የስንዴ ሊጥ ሰክቶ አጠገብ መጣል ነው።

አምባዛ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ስለ እርሱ ስጽፍ እጄ ይረዝማል። ቅርፊት የለውም፣ ስምንት ጢም አለው፣ ከስንጥቡ በላይ ባለ ሌላ አካል አየር ስለሚተነፍስ ከውኃ ወጥቶ ሣር ላይ ተጥሎም ቶሎ አይሞትም። በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ምግቡን በማሽተትና በመዳሰስ ስለሚያድን ክሩ ታየ አልታየ ግድ የለውም። ግድ የሚለን እኛን ነው። አፉን ስትከፍቱት ላይና ታች እጅግ ጥቃቅን ጥርሶች በወፍራም ረድፍ ተነጥፈው ታያላችሁ፤ በጣት ሲነኩ ይሻክራሉ። አይቆርጡም፤ ይፍቃሉ። ዓሣው ተይዞ ሲገለባበጥ የጫፍ ክሩን በእነዚያ ጥርሶች ላይ ያመላልሰዋል፣ በቀስታ ይሞርደዋል፣ ዳር ሲደርስ በመጨረሻዋ ውርውርታ ይበጥሰዋል። በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ፊት ለፊት ያሉት አጥንቶችም ሹል ናቸው፤ ክሩንም እጅንም አይምሩም።

ስለዚህ ለአምባዛ ነገሩ ይገለበጣል፤ የጫፍ ክሩ ከዋናው ይወፍራል። ዋናው 0.35 ወይም 0.40 ቢሆን፣ የጫፉ 0.50 እስከ 0.60፣ ርዝመቱም አንድ ክንድ ይሁን። ሁለቱን በቋጠሮ ከማገናኘት የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ማያያዣ መሐል ማስገባት ይሻላል፤ ዓሣው ሲጠማዘዝ ክሩ አብሮ አይከረርም። እርሳሱ ከማያያዣዋ በላይ በዋናው ክር ላይ እንደ ልቡ ይንሸራተት፤ አምባዛው ሲጎትት ክብደቱ እንዳይሰማው። መንጠቆው 2/0 ወይም 3/0፣ ማጥመጃው የዓሣ አንጀት ወይም የጉበት ቁራጭ። አንድ በያዛችሁ ቁጥር የጫፍ ክሩን በጥፍር ዳስሱት። ከሻከረ ያንን ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው፤ ስንፍና እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። (ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ የእነርሱን ድርሻ በግራ በኩል ያሉት ሐጂ በደስታ ይቀበሉኛል። እዚህ ወሎ ነው፤ የሚባክን ነገር የለም።)

ካርፕ ጉልበተኛ ነው፣ አፉ ግን ለስላሳ ነው። 0.28 ወይም 0.30 ክር፣ ቁጥር 6 መንጠቆ፣ የበቆሎ ሊጥ። ናይለን ሲሳብ ትንሽ ስለሚለጠጥ ለእርሱ ከማንኛውም ክር ይሻላል፤ ሲሮጥ አፉን አይቀድበትም። በቦርከናና በሚሌ ወንዞች የሚገኘው፣ በሌላ አካባቢ ቢልጫ የሚሉት ዓሣ ደግሞ ድንጋያማ ወራጅ ውኃ ስለሚወድ 0.25 ያህል ክር ይፈልጋል፤ ክሩ ድንጋይ ለድንጋይ ሲታሽ ስለሚውል ቶሎ ቶሎ መፈተሽ አለበት። ወደ አርባ ምንጭ ወርዳችሁ የጫሞን ትልቁን ነጭ ዓሣ ለመያዝ ከሆነ ግን ያ ባለሱቅ የዘረጋልኝ የበሬ መጎተቻ የጫፍ ክር ይሆናችኋል። ጥፋቱ የወፍራም ክር አይደለም፤ ቦታውን ማጣቱ ነው።

አሁን ወደ ቋጠሮ። ከክር ምርጫ ይልቅ ዓሣ የሚያስመልጠው ይህ ነው። ዳር ላይ የማየው አብዛኛው ሰው መንጠቆውን በተራ ቋጠሮ ሦስት አራት ጊዜ ደራርቦ ያስራል፤ መደራረቡ ያጠነከረው ይመስለዋል። ናይለን በተራ ቋጠሮ ሲታነቅ ክሩ ራሱን በራሱ ይነክሳል፣ አቅሙም ወደ ግማሽ ይወርዳል። አራት ኪሎ የገዛ ሰው ሁለት ኪሎ ይዞ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

ክሊንች የሚባለው ቋጠሮ ለቀጭን ናይለን የሚሆን ነው። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ታሳልፉታላችሁ፤ ወደ ኋላ አዙራችሁ በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ትጠመጥሙታላችሁ። ከዚያ ጫፉን ከመንጠቆው አጠገብ በተፈጠረችው ጠባብ ቀለበት ታስገቡታላችሁ፣ ሲመለስ በተፈጠረው ሰፊ ቀለበትም ታሳልፉታላችሁ። ከመሳባችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ተስቦ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ስለሚፋተግ ይግላል፣ ሙቀቱም ክሩን ያዳክመዋል። በጾም ምክንያት ምራቁን መጠቀም የከበደው በሐይቁ ውኃ ቢነክረው ያው ነው። ከዚያ በዝግታ፣ ሳይነጥቁ መሳብ። ጥምጥሞቹ እንደ ምንጭ ሽቦ ተደርድረው ከተቀመጡ ደህና ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ፈትቶ መታገል አያስፈልግም፣ ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው። ለወፍራሙ የአምባዛ ክር ጥምጥሙን ወደ ሦስት ወይም አራት አውርዱት፤ አምስት ከሆነ አይጠብቅም። ትርፍ ጫፉንም ከሥሩ አትከርክሙት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ተዉለት፣ ሲሳብ ትንሽ ይንሸራተታልና።

ከከተማ የሚመጡ ልጆች ዘንድሮ የተጎነጎነ ክር ይዘው ማየት ጀምሬአለሁ። ለውፍረቱ እጅግ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፣ ሲነካው ሁሉ ይሰማችኋል። ግን ያዳልጣል፤ ክሊንች ከታሰረበት ሾልኮ ይወጣል። ለእርሱ ፓሎማር ይሁን፤ ክሩን አጥፋችሁ ድርቡን በቀዳዳው ማሳለፍ፣ ድርቡን በተራ ቋጠሮ ላላ አድርጎ ማሰር፣ መንጠቆውን በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ማሾለክ፣ ማርጠብ፣ መሳብ። ጫፉ ላይም የናይለን ክር ይቀጠልለት። በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ጠቅልለው በእጅ ለሚያጠምዱ ልጆች ግን የተጎነጎነውን አልመክርም። ትልቅ አምባዛ ይዞ ሲሮጥ ጣት ይቆርጣል። ፍሎሮካርቦን የሚባለውም አለ፤ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ የሚታጠፍበት መጠን ከውኃ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ አይታይም፣ ይሰምጣል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ጥርት ባለ ውኃ ለቆሮሶ የጫፍ ክር ቢሆን መልካም ነው፤ ለአምባዛ ገንዘብ ማባከን ነው።

የተቆረጠውን ቁራጭ ናይለን ኪስ ውስጥ ክተቱት። መሬት ላይ የወደቀ ናይለን ልጅ ልጆቻችን ድረስ አይበሰብስም፤ የውኃ ወፎች እግራቸውን አስረውበት የሚያነክሱት እዚሁ ዳር ላይ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሐይቃችን ስታወጡ ከገዳሙ ፎቶግራፍ አጠገብ የሁለቱን ቋጠሮዎች ሥዕል በየደረጃው አትሙልን። ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ባለሱቆቹም በየናይለናቸው ላይ ውፍረቱን በእስክሪብቶ እንዲጽፉበት ከሥሩ አክላችሁ ጠይቁልኝ። እኔ ብጠይቃቸው በሬ ይጎትታል ነው የሚሉኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ደቡብ ወሎ