የጣና ከፍታ ከአየር ጠባዩ ጎን ይጻፍልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጢስ ዓባይ ሄዶ ፏፏቴው ቀጥኖ ያገኘው ሰው ሁሉ ድርቁን ይረግማል። ዝናቡ ጥሩ በነበረበት ዓመትም ያው ነው። ጨረጨራን የሚያነሳ ግን ብዙም አልሰማሁም። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የተጋደመች ዝቅ ያለች ግድብ ነች።

በ1988 ዓ.ም. ሥራ ስትጀምር ሁለት የብረት በሮች ነበሯት። በ1993 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ሐይቁን የምታዝዘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው ከፍታ መካከል ነው። ሦስት ሜትር ምን አላት እንዳትሉ! ጣና ሰፊ ነውና በዚያች ልዩነት ብቻ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል።

የተሠራችው ለመብራት ነው። የ1956ቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያ ትንሽ ስለነበር ወንዙ በሰጠው ውሃ ይሠራ ነበር። 1993 ላይ 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ሲመጣ ግን በጋ ከክረምት የማይጓደል ውሃ አስፈለገ። ውሃው የሚጠለፈው ደግሞ ከፏፏቴው በላይ ነው። ተርባይን ያዞረው ውሃ በገደሉ አይወርድም ማለት ነው።

በ1995 የሆነውን የዚህ ከተማ ሰው አይረሳውም። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ ለመብራት የሚለቀቀው ውሃ ግን ቀጠለ። ሐይቁ ሸሸ፣ የጣና መርከቦች ቆሙ፣ ገበሬው ውሃው በለቀቀው መሬት ላይ ዘራ።

ግንቦት 2002 ጣና በለስ ተከፈተ። 460 ሜጋ ዋት ነው። ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል። ይህ ውሃ ዓባይን የሚያገኘው ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ ነው፤ ጨረጨራንም ፏፏቴውንም አያያቸውም።

ታዲያ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የሐይቁ ከፍታ ይለካል፤ ቁጥሩ ግን እኛ ጋ አይደርስም። እኛ የምንገምተው የጀልባ ማቆሚያው ድንጋይ ላይ ውሃው ጥሎት የሄደውን ነጭ መስመር እያየን ነው። እናንተ በየሳምንቱ ከአየር ጠባዩ ጎን ሁለት መስመር ስጡን፦ ጣና ስንት ሜትር ላይ ነው? ከሰባቱ በሮች ስንቱ ክፍት ነው? አስጎብኚውም እንግዶቹን ጭኖ ጢስ ዓባይ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ከመንዳቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር