ከመተማ ገጠር ለጤና ኃላፊዎች፦ የካላዛር ምርመራ ከአረም በፊት ይድረስልን

የተከበራችሁ የክልልና የፌዴራል የጤና ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከመተማ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ከማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ጎጦቻችን የተበታተኑ ናቸው። ክረምት ሲገባ ዋልካው እግር ይይዛል፣ ባጃጅም ሞተርም አይገባም፣ በሽተኛ በቃሬዛ ነው የሚወጣው። መተማ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ነው፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሸው ሕዝብ የሚገባበትን በር። ልክ ነው። እኔ ግን ካላዛር ስለሚባለው ገዳይ በሽታ ላወራችሁ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አጎቴ ማሳ ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ ከበለሳ የመጣ ልጅ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ትኩሳት ሲመላለስበት ወባ ነው ተባለና መድኃኒት ወሰደ። ተሻለው ስንል ተመልሶ ተኛ። እንደገና የወባ መድኃኒት። በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዙን ገልጦ አሳየን፤ ክንዱ እንደ ጭራሮ ቀጥኗል፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተወጥሯል። ቀበቶ ስለሚያመው ሱሪውን በሲባጎ ነበር የሚያስረው። አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው አይተው «ይሄ ወባ አይደለም፣ የኔም ልጅ እንዲህ ነበር የሆነው» ያሉት። ገንዘብ አዋጥተን ሆስፒታል አደረስነው፣ ዳነ። የእሳቸው ልጅ ግን አልደረሰም።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች፣ የምትነክሰውም ማታ ነው። ቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው እዚያው ማሳ ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። አጎበር በቤተሰብ ሲታደል እሱን የሚቆጥረው የለም፤ ቤቱ እዚህ አይደለማ። ካልታከመ ይገድላል። ታሞ ወደ ደጋ ከተመለሰማ በሽታውን የሚጠረጥርለት ሰው ማግኘቱም ያሳስበኛል። ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ በ1997 ወረርሽኙ ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ወባ ነው እየተባለ ሲያልቅ ነበር እኮ!

የሚያንገበግበኝ መፍትሔው መኖሩ ነው። ፈጣኑ ምርመራ ከጣት የምትወሰድ ጠብታ ደም ይበቃዋል፣ በደቂቃዎች ውጤቱ ይታወቃል። ስለዚህ መመርመሪያው ሩቅ ሆስፒታል ብቻ አይቀመጥ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ ይግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ሲያዩ ቶሎ እንዲልኩ አሠልጥኗቸው። አጎበሩም ማሳ ድረስ ይምጣ። ሌላው ምግብ ነው። የተለመደው ሕክምና 17 ቀን መርፌ ነው፤ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ያን ሁሉ ቀን ማን ያብላው? ልጁን ተራ ገብተን ነው ያበላነው፣ ለሁሉም ግን አንችልም።

የሰሊጥ አረም ሐምሌ ላይ ይጀመራል። መመርመሪያው ሰኔ ሳይጋመስ ካልገባ መንገዱ ይዘጋብናል።