ለአባባ፣ ስለ ቀኝ ዓይንዎ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላኩልን ጌሾና ሎሚ ደርሶናል። ሚጣ አንደኛ ክፍል ገባች። ፊደሉን ለይታ ስለጨረሰች አሁን መንገድ ላይ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ቆማ ካላነበበች አትራመድልኝም። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውሮታል፤ አዲሱ ወጣ አልወጣ እያለ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ይቆማል። ሁለቱም የጀልባው መነሻ፣ ማሪን ጋ ባለፍን ቁጥር ጀልባ ሲያዩ "ወደ አያያ ነው የሚሄደው?" ይላሉ።

ይህን የሚያነብልዎ የወንድሜ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ልጄ፣ ቀስ ብለህ አንብብላቸው። ሰው ከመጣ ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጥና ሲወጣ ቀጥል። አባባ፣ በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲጠፋ አስቸገረኝ፣ ሲገኝም "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለው ይዘጉብኛል።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። "እዚያ ትልቅ ሆስፒታል እየሠራች ለጣራው ቆርቆሮ መላክ እንዴት ያቅታታል?" ማለትዎን ወንድሜ ነግሮኛል። አልተቀየምኩም፤ ግን ይወቁት። ከመስከረም ወዲህ መንግሥት ደመወዝ ሲጨምር ለአዲስ የዲግሪ ምሩቅ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እኔ ስለቆየሁ ከዚያ ትንሽ እሻላለሁ። ከግማሽ በላዩ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፤ ጤፍና ዘይቱን እርስዎም ገበያ ወጥተው ያዩታል። በሐምሌ 2016 የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ፣ የእኛ የዓይን ጠብታና ሌንስ ጭምር፣ ተወድዷል። የሚደጉመኝ የዲዩቲ ክፍያና የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲወጣ የሚገኘው አበል ነው፤ ዘመቻው ከቀረ አበሉም ይቀራል። ግል ክሊኒክ የተሻለ ይከፍላል፤ ነገር ግን ያው አንድ ሰው እንዲለካም፣ መነጽር እንዲሸጥም፣ ዕቃ እንዲቀቅልም ይፈልጋሉ። በአንድ ዓይን ላይ ሐኪሙና እኔ አብረን እንሠራለን፤ የክፍያው ርቀት ግን ከዚህ እስከ ዘጌ ነው። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ደክሞኝ ስገባ የሚያስለቅሰኝም ድካሙ ሳይሆን ይኸው ነው።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ "ነይ" እያለች ነው። እዚያ ይህ የዓይን ሐኪምን የማገዝ ሥራ ሦስት ደረጃ አለው፤ ረዳት፣ ቴክኒሻን፣ ከዚያ ቴክኖሎጂስት። እያንዳንዱ በፈተና ይገኛል፣ የምስክር ወረቀቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። በሰዓት ይከፈላል፤ ደረጃ በወጡ ቁጥርም ክፍያው ያድጋል። የእኔ የጎንደር ዲግሪ ብዙ ያግዘኛል፣ ግን ከታች መጀመሬ አይቀርም። እስካሁን አዎም እምቢም አላልኳትም። የእርስዎ ነገር ሳያልቅ መልስ አልሰጣትም።

አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር፣ ይቅር ይበሉኝ። የሞራ ዘመቻው የመጣ ዓመት እማዬን ልወስዳት ስመጣ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እርስዎ በጎረቤት ፊት "እሷ ሐኪም አይደለችም፣ የሐኪም ዕቃ ያዥ ናት። ዕቃ ያዥ ደግሞ የሰው ዓይን ታስቀድድ?" አሉ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ተነሥታ ገባች። እኔ በጀልባው ብቻዬን ተመለስኩ። ሚጣ ስትወለድ እማዬ ፊቷን በጣቷ እየዳሰሰች ነው ያወቀቻት። "አፍንጫዋ የአባትሽ ነው" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ በሞራ ነው ዓይናቸው የጠፋ። ይህን ቁጥር ለተማሪ በተናገርኩ ቁጥር የምትታየኝ እማዬ ናት። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ያኔ ግን መርከብ መጥቶ ደጃችን ቆሞልን ነበር፣ አልተሳፈርንበትም።

ዕቃ ያዥዋ ምን እንደምትሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ስለዚህ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። ሐኪሙ ሞራውን ገፍፎ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ሌንሱ ግን እንደ ገበያ ጫማ ተለክቶ አይሞከርም፤ ቁጥሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ቁጥሩ የሚወጣው ከእኔ ክፍል ነው። ኬራቶሜትር በሚባል መሣሪያ ከዓይኑ ፊት ያለውን ጥርት ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚሉትን፣ ጉብታ እለካለሁ። ኤ ስካን በሚባል የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ደግሞ የዓይኑን ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ርዝመት እለካለሁ። የብዙ ሰው ዓይን ከ23 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ አንዲት ሚሊ ሜትር ብሳሳት የሌንሱ ቁጥር ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ዳይኦፕተር፣ የሌንስ ኃይል የሚለካበት ነው፣ ይዛነፋል። መለኪያውን ዓይኑ ላይ ትንሽ ከተጫንኩት እንኳ ዓይኑ አጥሮ ይነበባል። ሐኪሙ እጁ ቢባረክና አሳምሮ ቢሠራው፣ ቁጥሩ ከተሳሳተ ሰውዬው ሞራው ተነሥቶለት ብዥ እያለው ይኖራል። ስለዚህ እለካለሁ፣ እደግማለሁ፣ ካልገጠመ እንደገና እጀምራለሁ። ወረፋው ረዝሞ ሰው ሲያጉረመርም እንኳ አልቸኩልም።

"በዓይን ውስጥ ባዕድ ነገር እንዴት ይቀመጣል?" ብለውም ነበር። የሚገባ ጥያቄ ነው፣ ሐኪሞቹም ራሳቸው ፈርተውት ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአብራሪዎችን ዓይን ሲያክም፣ ከአውሮፕላኑ መስኮት ተሰብሮ የገባው የፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ እንደሚቀመጥ አየ። ከዚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ አሠርቶ አስገባ። ለብዙ ዘመን ውድ ነበር። ሕንድ አገር፣ ማዱራይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተ ፋብሪካ ነው ከመቶ ዶላር በላይ የነበረውን ወደ አሥር ዶላር ገደማ ያወረደው። ደሃ አገር ዘንድ ሊደርስ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ልጄ፣ ቤት ውስጥ ከእናንተ ሌላ ሰው ካለ እዚህ ላይ አቁም።

አባባ፣ "ግራው ይቅደም፤ እሱ ላይ ይሞክሩና ካማረ ቀኙን አሠራለሁ፤ ቀኙ ትንሽ ያይልኛልና" ብለው ለወንድሜ ነግረውታል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

በመስቀል ስመጣ ከቡናው በኋላ በስልኬ መብራት ዓይንዎን አይቼ "ሞራ ነው" ብዬ ዝም አልኩ። ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። ሞራ ብቻ ያለበት ዓይን፣ ምንም ያህል ቢነጣ፣ መብራት ሲበራበት ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ያውቃል። ቀኝዎ ያውቃል፤ ከላይም ከጎንም ሳበራበት አልሳቱም። ቀኙን በእጄ ሸፍኜ ግራው ላይ ሳበራ ግን "አብሪ እንጂ" አሉኝ።

በርቶ ነበር፣ አባባ።

ግራው ላይ ያለው ሞራ ብቻ አይመስለኝም። የዓይን ግፊት፣ ግላኮማ የሚሉት፣ ሳይሆን አይቀርም። አያምም፣ አያቀላም፤ ከኋላ ያለውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድላል። ሐኪሙ አይቶ ይወስናል፤ እሱ እንጂ እኔ አልፈርድም። የሞተ ነርቭ ግን በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ግራው ላይ ሞክረው ብርሃን ቢያጡ "ሕክምና ከንቱ ነው" ብለው ቀኙንም ያስቀሩታል ብዬ ፈራሁ። የቀረልን ቀኙ ነው። እሱም ላይ ግፊት ካለ ጠብታ ያስፈልገዋል፣ በየቀኑ፣ እስከ ዕድሜ ልክ። ስለዚህ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ አይጠብቁ።

ሥራው ይህን ያህል ነው፦ አያስተኙዎትም። ዓይኑን ብቻ ያደነዝዙታል፣ ሲነጋገሩ ይሰማሉ፣ ብዙም አይቆይም። ያ ሳልዎ ከተነሣብዎ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፣ በመሃል እንዳያስልዎ። ዓይንዎ ተሸፍኖ ያድራል፣ በማግስቱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የሚከብዱዎት፤ አውቃለሁ። ስግደት ለጊዜው ይቀራል፣ እንጨትና ጆንያ አይነሣም፣ ውኃ ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጸበሉም ፊትዎ ላይ እንዳይረጭ። መጠጣት ይችላሉ። ለአባቶችም እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ እኔው ጋ ይቀመጣሉ፤ የሚጣ አልጋ ለእርስዎ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን የእርስዎን ቃል እፈልጋለሁ። እኛ የምናስገባው ሌንስ አንድ ርቀት ብቻ ነው የሚያጠራው። ለሩቅ አድርጌ ካሰላሁት መንገዱን፣ የሰው ፊት፣ ደሴቶቹን ያለ መነጽር ያያሉ፤ ዳዊትዎን ለመድገም ግን መነጽር ያስፈልግዎታል። ለቅርብ ካሰላሁት ዳዊቱን እንደ ዱሮው ያለ መነጽር ያነቡታል፤ ለመንገድ መነጽር ያደርጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ነው የምናደርገው። እኔ ግን ማታ ማታ በኩራዝ ሲደግሙ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ፣ ስለዚህ ልወስንልዎ አልደፈርኩም። በአንድ ዓይን ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ምርጫ አይደለም። በየትኛውም በኩል ቢሆን መከላከያ መነጽር አሠራልዎታለሁ፤ የቡና ቅርንጫፍ እንዳይወጋዎ።

የምለካዎት እኔ ነኝ። ባልደረባዬም ለብቻው ይለካል፤ ቁጥራችን ካልገጠመ ሌንስ አይመረጥም። ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በጤና እንዲደርሱ አስቤ ነው የምቸኩለው።

መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ከወንድሜ ጋር በጠዋቱ ጀልባ ይምጡ። ማሪን ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ። ወንድሜ "እኔ ምን ሆኜ?" እንዳይል፤ ግላኮማ በዘር ይሄዳልና የእሱም የእኔም ዓይን መታየት አለበት። ሩቅ ወይስ ቅርብ የሚለውን ልጁ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጽፎ ይላክልኝ።

ልጅዎ

የደም ግፊት ክኒንዎን በሚመጡበት ጠዋት እንዳይተዉት፤ ቁርስም በልተው ይውጡ። የስኳር ምርመራ የተደረገልዎት ወረቀት ካለ ሳጥኑ ውስጥ ፈልገው ይያዙልኝ።