«ዋጋ በስምምነት» የሚባለው ነገር ይቅርብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ ከዜናው በፊት የማገላብጠው የቤት ኪራይ ማስታወቂያውን ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዲት አፓርታማ አከራያለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ለልጄ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ላይ ነኝ። አከራይም ተከራይም ሆኜ ሳየው «ባለ ሁለት መኝታ፣ ምቹ ሰፈር፣ ዋጋ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ለሁለቱም ወገን ፋይዳ የለውም።

ቤት ፈላጊ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንደሚከራይ ነው። የሚሰማው ቁጥር ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አከራይ የሚጠራው የተመኘውን ነው። ጎረቤት የሚናገረው ደግሞ ከዓመታት በፊት ገብቶ ኪራዩ ብዙ ያልተነካበትን ሰው ክፍያ ስለሆነ፣ እሱን ይዞ መደራደር ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። የዛሬው ዋጋ በቅርቡ ውል የፈረመው ሰው የተስማማበት ነው፤ ያንን ደግሞ የሚያትመው የለም። እኔ ማስታወቂያው መጀመሪያ የወጣበትን ቀን ከዳር እጽፋለሁ። ቶሎ የጠፋው፣ ዋጋው ቢያንስ አልተጋነነም ነበር ማለት ነው። በየእትሙ ተመላልሶ የሚመጣውን ግን ስደውል ከተጻፈው ዝቅ ለማለት አያንገራግሩም። ዋጋ ካልተጻፈ ይህንንም ማድረግ አይቻልም።

ስፋቱም ሌላ ጣጣ ነው። «65 ካሬ» የተባለልኝን አንድ ቤት ሜትር ይዤ ሄጄ ከግድግዳ ግድግዳ ብለካው 53 ሆነ። የተቀረው የት ገባ ብል በረንዳው፣ የግድግዳው ውፍረትና የመተላለፊያው ድርሻ ተደምሮ ነው ተባልኩ። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ከገባ የቁም ሣጥኑ በር አይከፈትም። ኪራዩ ያው ሆኖ በካሬ ሲካፈል ግን ከ22 በመቶ በላይ ተወደደ ማለት ነው። (በካሬ ማካፈልም ቢሆን ለተቀራራቢ ቤቶች ብቻ ነው የሚሠራው። ትንሽ ቤትም ትልቅ ቤትም ኩሽናና መታጠቢያ ስለሚያስፈልገው የትንሹ በካሬ አብዛኛውን ጊዜ ወደድ ይላል፤ ስቱዲዮን ከባለ ሦስት መኝታ ጋር እያወዳደሩ መናደድ አይገባም።)

አከራዮችንም አንድ ነገር ልበላቸው። አንዲት የማውቃቸው ሴት ከቀድሞው ተከራይ 10 በመቶ ካልጨመርኩ አልሰጥም ብለው ቤታቸውን ሁለት ወር ባዶ አቆዩት። የቀድሞውን ኪራይ በወር 100 እንበለው። ወዲያው ቢያከራዩ በዓመት 1,200 ይገባላቸው ነበር፤ ሁለት ወር ጠብቀው በ110 ሲያከራዩ በቀሪው 10 ወር የሚያገኙት 1,100 ነው። ያጡት እንዲተካ አዲሱ ተከራይ 20 ወር ሙሉ መቆየት አለበት። እስከዚያ ያለው ጭማሪ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ይህንን በወረቀት ሠርቼ ባሳያቸው «ደላላው ጠብቂ አለኝ» አሉ። የኔ ደላላ ደግሞ ቶሎ ካልጨረስኩ ይቆጣል፤ ኮሚሽኑ በአምስት ወይም በአሥር በመቶ ጭማሪ ብዙም አይለወጥማ!

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ የኪራይ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ዋጋውን፣ የውስጥ ስፋቱን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ሊፍት መኖር አለመኖሩን ሳታስሞሉ አትቀበሉ። የውሃ፣ የጥበቃና የጽዳት ክፍያ በኪራዩ ውስጥ ይሁን ከኪራዩ ውጭ፣ የመብራት ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፣ ቅድሚያ የሚከፈለው የስንት ወር እንደሆነም ይጻፍ። ርካሽ የመሰለ ቤት እነዚህ ሲደመሩበት ከጎረቤቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ሰው ይህንን የሚሰማው የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ቤቱ መሐል ከቆመ በኋላ ነው።

ከተቻላችሁ ደግሞ በየወሩ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አውጡ። ቤቱ የተከራየለት ሰው ደውሎ የተፈረመበትን ኪራይ ይንገራችሁ። ስምም የቤት ቁጥርም አያስፈልግም፤ ሰፈሩ፣ የመኝታው ብዛትና ካሬው ይበቃል። የኔ ባለፈው ወር ተከራይቷል፤ ከጠየቅሁት ዝቅ ብሎ ነው የተፈረመው። ሠንጠረዡን ከጀመራችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ከኔ ውሰዱ።

የዘወትር አንባቢያችሁ