ለቤተ ሙከራችን የናይትሮጅን ሳጥን እንግዛ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የሙያ ባልደረቦቻችንና ሳይንስ ወዳዶች፣

በፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ከሲሊከን ሳይሆን ከካርቦን ሞለኪውሎች የሚሠሩ ስስ ትራንዚስተሮችን (ጅረትን የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎችን) የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አሉ። ዛሬ ደጃችሁን የምናንኳኳው ለእነሱ ነው። ከሁሉ በፊት የቸገረን በናይትሮጅን የሚሞላ፣ አየርና እርጥበት የማያስገባ፣ በጎማ ጓንት እጅ አስገብተው የሚሠሩበት የታሸገ ሳጥን ነው።

አብዝተን የምንጠቀምበት ፖሊመር፣ ማለትም ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት፣ ፒ3ኤችቲ ይባላል። ሲሟሟ ብርቱካናማ ነው፤ በሚሽከረከር የመስታወት ሰሌዳ ላይ ተንጠባጥቦ ሲደርቅ ግን ሐምራዊ ይሆናል፤ ሰንሰለቶቹ መደርደር መጀመራቸው በዓይን የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የቀረው ማሟሟያ ይተናል፣ አደራደሩም ይሻሻላል፣ የኤሌክትሪክ ሙልም በቀላሉ ያልፍበታል። ኤፍ4ቲሲኤንኪው የተባለ ሞለኪውል በጥቂቱ ሲጨመርበት ደግሞ ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይወስድና አዎንታዊ ሙል ይተውለታል። ሳይንቲስቶቹ ሽራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር እ.ኤ.አ. በ1977 ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር አዮዲን ጨምረውበት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደረጉት በዚሁ መርህ ነበር፤ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቶላቸዋል።

ጭንቁ ልኩን ማግኘቱ ላይ ነው። የተጨመረው ሞለኪውል ከበዛ ትራንዚስተሩ አልዘጋም ይላል፤ ሙቀቱ ከበዛ ያው ሞለኪውል ከንጣፉ ተኖ ይጠፋል። ተማሪዎቻችን የሚፈልጉት ይህን ልክ ነው፤ አየሩ ግን አያስጠጋቸውም። ኦክስጅን ራሱ ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይሻማል፤ እርጥበት ሙሎቹን አጥምዶ ያስቀራል። በሐምሌ ዝናብ የተሠራ ናሙና በጥር ከተሠራው ጋር አይስማማም። አንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ «ለውጡ ከጨመርሽው ሞለኪውል ነው ወይስ ከአየሩ?» ብትባል የምትመልሰው የላትም። ያን ያህል ደክማ ሥራዋ በዚህ መንጠልጠሉ ያንገበግበናል።

ከሳጥኑ ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ የሚያቆይ የባትሪ መጠባበቂያ ያስፈልገናል። ናሙናው በማሞቂያው ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ የዚያ ቀን ልፋት ከንቱ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ በቤተ ሙከራዎችና በቺፕ ፋብሪካዎች የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ከእናንተ ከገንዘብም በላይ የምንጠብቀው አለ። መሥሪያ ቤቶቻችሁ አዲስ ሲገዙ የሚያስወግዷቸው መለኪያዎች ለእኛ ትልቅ ሀብት ናቸው። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ የሚያልፈውን እጅግ ትንሽ ጅረት ተራ መልቲሜትር አያነበውም፤ ፒኮአምፔር (የአምፔር አንድ ትሪሊዮንኛ) የሚለካ አሮጌ መሣሪያ ካያችሁ ከመጣሉ በፊት አስታውሱን። የማጓጓዣውን ወጪ ከሚዋጣው ገንዘብ እንሸፍናለን።

መዋጮው ገቢ የሚሆነው በትምህርት ክፍሉ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የግዢ ሰነዱንም ማንኛውም ለጋሽ ማየት ይችላል። ሳጥኑ ለእኛ ብቻ አይሆንም፤ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ተማሪዎች ያለ ክፍያ ተራ ይዘው ይሠሩበታል። ሰኔ ገብቶ እርጥበቱ ሳይበረታ እንድንተክለው የምትችሉትን አሁኑኑ አዋጡ።